ሞንታርቦው ከመሰቀሉ በፊት፦ የድምፅ ሥርጭትን አስቀድሞ የሚያሰላው ሶፍትዌር

[በማያ ገጹ ላይ፦ የአንድ አደባባይ ንድፍ፤ ከመድረኩ አጠገብ ቀይ፣ ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ የሚሆን የድምፅ ካርታ]

በጎንደር ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች በአብዛኛው ለድምፅ ማጉያ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ደመራ የሚደመርበት አደባባይ፣ የጥምቀት ሥርዓት የሚፈጸምበት የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ ወለሉ ሴራሚክ ጣሪያው ሶሌታ የሆነው የሠርግ አዳራሽ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ በአንዱ ያማረ አተካከል በሌላው አይሠራም። የተለመደው አሠራር ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ሁለት ሞንታርቦ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ሰው አልሰማም ሲል ድምፁ ይጨመራል፤ ከፊት ያለው ደግሞ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል። ዛሬ የምንመለከተው፣ ስፒከሮቹ ከመሰቀላቸው በፊት ድምፁ በየትኛው ቦታ በምን ያህል መጠን እንደሚደርስ በኮምፒውተር የሚያሰላውን ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሶፍትዌር የሚፈልገው ድምፅ ሩቅ እንዲደርስለት ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ድምፅ መሄድ የሌለበትን ቦታ፣ ማለትም ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የጎረቤቱን ቤት ለይቶ ማሳየቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ፣ ድምፅ መጨመር ለምን መፍትሔ እንደማይሆን በቁጥር እንይ። ከአንድ ስፒከር የሚወጣ ድምፅ በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን የሚለካበት ነው። ስፒከሩ በሰው ጆሮ ቁመት ልክ ቢቆም፣ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ባለው ሰውና በ40 ሜትር ርቀት ላይ ባለው ሰው መካከል የ26 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል። የአምፕሊፋየሩን ኃይል ከ1,000 ወደ 2,000 ዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለሁለቱም ሰዎች እኩል ስለሚጨመር ልዩነቱ ያው 26 ሆኖ ይቀራል።

[በማያ ገጹ ላይ፦ ስፒከሩ በማማ ላይ ወደ 6 ሜትር ከፍ ሲል፣ ፊቱም ወደ ኋለኛው ታዳሚ ሲያዘነብል]

አሁን ያንኑ ስፒከር ወደ 6 ሜትር ከፍ እናድርገውና ፊቱን ወደ ኋለኛው ታዳሚ እናዙረው። የፊተኛው ሰው ከስፒከሩ ያለው ርቀት ወደ 5 ሜትር ሲያድግ፣ የኋለኛው ግን ከቀድሞው እምብዛም አይለወጥም። በርቀት ብቻ የሚመጣው ልዩነት ወደ 18 ዴሲቤል ይወርዳል። በዚያ ላይ የፊተኛው ሰው ከስፒከሩ ዋና አቅጣጫ ውጭ ስለሚሆን፣ በተለይ ቀጭኑ ድምፅ ለእርሱ የበለጠ ይቀንስለታል፤ በዚህም ሁለቱ ሰዎች የሚሰሙት ድምፅ ይበልጥ ይቀራረባል። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድም ዋት ሳይጨመር፣ በከፍታና በአቅጣጫ ብቻ ነው። የከፍታውና የማዘንበሉ ትክክለኛ መጠን ስንት ይሁን የሚለውን ጥያቄ ግን በግምት መመለስ አይቻልም፤ ሶፍትዌሩ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ሶፍትዌሩ ይህን የሚያውቀው ከየት ነው? አምራቾች እያንዳንዱን ስፒከር፣ ድምፅ ተመልሶ በማይንጸባረቅበት የሙከራ ክፍል ውስጥ ወይም በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ዙሪያውን በየጥቂት ዲግሪው እየዞሩ ይለኩታል። በየአቅጣጫውና በየድግግሞሹ፣ ማለትም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ፣ የሚወጣው የድምፅ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ሞገዱ የሚደርስበት ጊዜም አብሮ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ የታዳሚውን ቦታ በትናንሽ ነጥቦች ከፋፍሎ፣ ከሁሉም ስፒከሮች ወደ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሱትን ሞገዶች ይደምራል። ሁለት ሞገዶች አብረው ከደረሱ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ግን ይጠፋፋሉ።

በዚህ መስክ ስመ ጥር የሆነውን ኢዝ የተባለ ፕሮግራም ጀርመናዊው የአኩስቲክስ ባለሙያ ቮልፍጋንግ አነርት እ.ኤ.አ. በ1990 ለባለሙያዎች አስተዋወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ፈረንሳዮቹ ክርስቲያን ሄይልና ማርሴል ኡርባን ብዙ ስፒከሮች ተደርድረው እንደ አንድ የድምፅ ምንጭ እንዲሠሩ የሚያስችለውን ስሌት አቀረቡ፤ ዛሬ በትልልቅ ኮንሰርቶች ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው ላይን አሬይ ከዚያ የመጣ ነው። ላይን አሬይ ሲመጣ ሶፍትዌሩ የግድ ሆነ፤ ምክንያቱም በስፒከር ሣጥኖቹ መካከል ያለው የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ የማዕዘን ልዩነት በሩቅ ያለው ታዳሚ የሚሰማውን ድምፅ ስለሚለውጥ፣ ያንን በዓይን መገመት አይቻልም። አሁን የኤል አኩስቲክስ ሳውንድቪዥን፣ የዲ ኤንድ ቢ አሬይካልክ እና የሜየር ሳውንድ ማፕ 3ዲ በየአምራቾቻቸው ስፒከሮች ላይ ይሠራሉ። ኢዝ ፎከስ ደግሞ የብዙ አምራቾችን ስፒከሮች የሚቀበል ሲሆን በነፃ የሚገኝ ነው።

[በማያ ገጹ ላይ፦ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ንድፍ፤ የድንጋዩ አጥር፣ ገንዳው፣ በገንዳው ውስጥ ያለው ሕንፃ፣ ሕዝቡ የሚቆምበት ዙሪያ]

አስቸጋሪ ቦታ ወስደን እንሞክረው። የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላ ገንዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ሕንፃ አለው፤ ዙሪያው በድንጋይ ግንብ የታጠረ ሲሆን የዛፎቹ ሥር ግንቡን አቅፎታል። ከነገሥታቱ ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ በግንቡ ላይ ምንም ነገር መምታትም ሆነ መስቀል አይገባም። ስለዚህ በሶፍትዌሩ ውስጥ የምናስቀምጠው ስፒከር ሁሉ በራሱ እግር የሚቆም መሆን አለበት።

ሥራው የሚጀመረው ከስፒከሩ ሳይሆን ከሜትሩ ነው። በሌዘር ሜትር የገንዳውን ርዝመትና ስፋት፣ የአጥሩን ከፍታ፣ ሕዝቡ የሚቆምበትን መሬት ቁልቁለትና ዳገት እንለካለን። ከዚያ በሶፍትዌሩ ውስጥ የታዳሚ ቦታ ብለን የምንስለው ሰው የሚቆምበትን ብቻ ነው። ውኃው የታዳሚ ቦታ አይደለም። በልምድ የሚተክል ሰው ስፒከሮቹን ወደ ገንዳው አዙሮ ባሻገር ያለውን ሕዝብ ሊደርስበት ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን የረጋ ውኃም ሆነ የድንጋይ ግንብ ድምፅን ይመልሳሉ እንጂ አይውጡትም፤ ባሻገር ያለው ሰውም የካህኑን ቃል አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ከግንቡ ተመልሶ ይሰማዋል። በካርታው ላይ ውኃውና ግንቡ ሰማያዊ፣ ሕዝቡ የቆመበት ደግሞ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ አቅጣጫውን መለዋወጥ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚሻለው መፍትሔ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችን ትቶ፣ ትንንሾቹን በዙሪያው አከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቅርቡን ሕዝብ ብቻ መስጠት ነው።

እንዲህ ሲከፋፈል ግን የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። ከዋናው ስፒከር 60 ሜትር ርቆ የቆመ ረዳት ስፒከር አለ እንበል። የኤሌክትሪክ ምልክቱ በገመድ ወዲያውኑ ሲደርስ፣ በአየር የሚመጣው ድምፅ ግን ወደ 175 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ረዳቱን በዚያው ልክ ካላዘገየነው፣ አጠገቡ የቆመው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ይህን ማዘግያ ባለሙያዎች ዲሌይ ይሉታል፤ ሶፍትዌሩም ከርቀቱ ተነሥቶ ያሰላዋል። በዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ቢጨመርበት፣ ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ እንደ ምንጭ ስለሚቆጥር፣ ሰሚው ድምፁ ከስፒከሩ ሳይሆን ከካህኑ አቅጣጫ የመጣ ይመስለዋል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታው የድምፅን ፍጥነት የሚለውጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን በዋናነት የአየሩ ሙቀት ነው። ጥር 11 ንጋት ላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ነው ብለን ብንይዝ፣ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከ337 ሜትር ገደማ ወደ 346 ሜትር ገደማ ያድጋል። ለዚያ ለ60 ሜትሩ ርቀት ትክክለኛው ዲሌይ ንጋት ላይ 178፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ 173 ሚሊሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። የአምስት ሚሊሰከንድ ልዩነት ለንግግር የሚያስጨንቅ ባይሆንም፣ ሁለቱ ስፒከሮች እኩል በሚሰሙበት ቦታ የድምፁን ቃና ያበላሻል።

የአየሩ ድርቀትም ይቆጠራል። በዓለም አቀፉ የስሌት ሠንጠረዥ መሠረት፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን 8,000 ኸርዝ (በሰከንድ 8,000 ንዝረት) ያለው ቀጭን ድምፅ በ100 ሜትር ውስጥ፣ ከርቀቱ ቅናሽ ሌላ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ በሆነ አየር 8 ዴሲቤል ገደማ ሲያጣ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ በሆነ ደረቅ አየር ግን 20 ዴሲቤል ገደማ ያጣል። በበጋ ሩቅ የቆመ ሰው ድምፁን እየሰማ ቃሉን መለየት የሚያቅተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ «መጣ»ን ከ«መታ» የሚለየው አጭር ፍንዳታ ያለው በዚሁ ከፍ ባለው የድምፅ ክልል ነውና። ሙቀቱንና እርጥበቱን በሶፍትዌሩ ሳጥኖች ውስጥ ሳይሞሉ ማለፍ፣ ስሌቱን ለሌላ ከተማ እንደ መሥራት ነው።

[በማያ ገጹ ላይ፦ ሁለት ሳብዉፈሮች፤ በመካከላቸው የተዘረጋ፣ እንደ ሸንተረር የተሰነጣጠቀ ካርታ]

ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር፣ የሳብዉፈርን ነገር ባጭሩ እንለፈው። ሁለት ሳብ ግራና ቀኝ ሲቆም፣ አንዱ ከሌላው በ2.5 ሜትር በሚርቅበት ቦታ የቆመ ሰው 69 ኸርዝ ገደማ ያለው ወፍራም ድምፅ ይጠፋበታል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ደግሞ ይመለስለታል። በካርታው ላይ ይህ እንደ ጣቶች የተዘረጋ መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለቱንም መሐል ላይ አንድ ላይ ማቆም በአብዛኛው ነገሩን ይፈታዋል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ከላይ የጠራናቸው የስፒከር አምራቾች ፕሮግራሞች፣ ኢዝ ፎከስም ጭምር፣ በዋናነት የሚያሰሉት ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰውን ድምፅ ነው። ከግድግዳ የሚመለሰውን አይጨምሩም። ካርታው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚነገረው አንዱ ቃል በሌላው ላይ ተደርቦ ላይለይ ይችላል።

20 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ አዳራሽ እንውሰድ። ይዘቱ 1,440 ሜትር ኩብ፣ የወለሉ፣ የጣሪያውና የግድግዳው ስፋት በድምሩ 864 ካሬ ሜትር ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደረሰበት ቀመር መሠረት፣ ይዘቱን በ0.161 አባዝተን አዳራሹ በሚውጠው የድምፅ መጠን፣ ማለትም ስፋቱ ድምፅ በሚውጥበት መቶኛ ተባዝቶ በካሬ ሜትር በሚገኘው ቁጥር፣ ስናካፍል፣ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጅበትን ጊዜ እናገኛለን። እንዲህ ያለው ግድግዳና ወለል ከሚያገኘው ድምፅ 5 በመቶውን ይውጣል ብለን ብንይዝ፣ ባዶው አዳራሽ ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባል። 200 ሰው ሲገባበትና እያንዳንዱ ሰው ከነልብሱ 0.45 ካሬ ሜትር ያህል ይውጣል ስንል ደግሞ ጊዜው ወደ 1.7 ሰከንድ ይወርዳል። በዋዜማው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተስተካከለ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው መሣሪያ) በማግሥቱ ሠርገኛው ሲገባ የማይስማማው ለዚህ ነው። የሚመለሰውን ድምፅ አስልቶ፣ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚለይ ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ የሚያሳይ ፕሮግራም ከተፈለገ፣ ሙሉው ኢዝ ወይም ኦዲዮን የተባለው የዴንማርክ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እነርሱን መግዛት ለማይችል ሰው ግን የሳቢን ቀመር በወረቀት ላይ ብዙ ይነግረዋል፦ ከባድ መጋረጃ በኋለኛው ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ስፒከሩንም ከጣሪያው መልሶ ወደ ሰው ማዘንበል ከማንኛውም የማስተካከያ ቁልፍ ይበልጣል።

[በማያ ገጹ ላይ፦ የማማው ንድፍ፤ የሣጥኖቹ ማዕዘን፣ ክብደትና የክብደት ማዕከል]

ስሌቱ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ የሚያስረክበው የሥራ ዝርዝር ነው። በሣጥኖቹ መካከል የሚኖረው ማዕዘን፣ የማማው ከፍታ፣ የየአምፕሊፋየሩ ዲሌይና የድምፅ መጠን በቁጥር ይወጣል፤ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ይህን በቀጥታ በኔትወርክ ወደ አምፕሊፋየሮቹ ይልኩታል። ከሁሉም በላይ ሊነበብ የሚገባው ግን የክብደቱ ገጽ ነው። የተንጠለጠለው ጠቅላላ ክብደትና የክብደት ማዕከሉ ከማማው የመሸከም አቅም ጋር ሳይመሳከር ሕዝብ በሚቆምበት ቦታ ምንም ነገር መሰቀል የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በእኔ እምነት ልምድ አለኝ የሚል መልስ አይበቃም።

ተከላው ካበቃ በኋላ የሚቀረው ማረጋገጥ ነው። የመለኪያ ማይክሮፎንና ኦፕን ሳውንድ ሜትር የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይዞ፣ በካርታው ላይ ምልክት በተደረገባቸው ነጥቦች ላይ እየቆሙ መለካት ያስፈልጋል። የተለካው ከተሰላው በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል ቢለይ ጤናማ ነው። ከ6 ዴሲቤል በላይ ከተለየ ግን ወደ ኢኳላይዘሩ ከመሮጥ በፊት ገመዱ ተገልብጦ እንዳልተሠራ፣ ስፒከሩ በተሰላው ማዕዘን ላይ መሆኑን፣ ከዚያም በመጀመሪያ በሜትር የተወሰደው ርቀት ትክክል መሆኑን በቅደም ተከተል መፈተሽ ይገባል። ስሕተቱ የርቀቱ ሆኖ ከተገኘ፣ ቁጥሩን በሶፍትዌሩ ውስጥ አርሞ ዲሌዩንና ማዕዘኑን እንደገና ማሰላት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።