ሽልንጓን አትሰርዙብን

የተከበሩ የእቁባችን ዳኛ፣ ጸሐፊያችን፣ ውድ እቁበተኞች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሩብ ሰዓት አርፍጄ ነው የመጣሁት። መንገድ ተዘጋግቶ ነው ብል ታምኑኝ ነበር። እውነቱ ግን መነጽሬ ጠፍቶኝ ነው። ግንባሬ ላይ ነበር። የቅጣቱን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ዳኛችን «ስለ አርባ ዓመታችን አስር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ስለ አርባ ዓመቱ ምን እነግራችኋለሁ? ማን እጣውን ለልጁ ሰርግ ለምኖ እንደወሰደ፣ ማን ላዳ እንደገዛበት፣ ማን እቁቡ በደረሰው ሳምንት ሰፈር እንደቀየረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም፤ ወዲያ አትዩ። እኔ የመጣሁበት ሌላ ነው።

አዲሱን የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ አነበብኩት። ልጆቻችን በኮምፒውተር ጽፈው አሳምረውታል፣ ይባረኩ። አንቀጽ 7 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የድሮው ደንባችን «ያረፈደ ሽልንግ ይቀጣል» ይል ነበር። አዲሱ «0.50 ብር» ይላል። ጎኑ ላይ ደግሞ በቀይ «ሽልንግ የሰፈር ቃል ስለሆነ ይስተካከል» የሚል ማስታወሻ አለ።

የሰፈር ቃል! የማን ሰፈር?

ይሄ ነገር ሲገጥመኝ ሁለተኛዬ ነው። አምና የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ እያለቀሰች መጣች። «የብር ግማሽ ምን ይባላል?» ለሚለው ጥያቄ «ሽልንግ» ብላ ጽፋለች። ከእኔ ሰምታ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎባታል። በማግስቱ ከዘራዬን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው ጨዋ ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠኝ። «አባባ፣ ሽልንግ እኮ የእንግሊዝ ቃል ነው፤ ትክክለኛው አማርኛ ሃምሳ ሳንቲም ነው» አለኝ። «ልጄ፣ ሳንቲምስ የማን ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ሳንቲም የፈረንሳይ ቃል ነዋ! የፈረንሳዩን አማርኛ አድርጎ የእንግሊዙን በቀይ የሚሰርዝ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? ማርኳን መለሰላት። ግማሽ ማርክ ናት፣ ማለትም ሽልንግ።

ሽልንግ እንዴት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ከአርበኞቻችን ጋር የገባው የእንግሊዝ ጦር የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዞ ገባ። ለጥቂት ዓመታት ሊሬው፣ ጠገራው፣ ሽልንጉ ባንድ ገበያ ተደባልቆ ኖረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሳችን አዲስ ብር ሲወጣ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። በቃ፣ የብር ግማሽ ሽልንግ ሆነ። የእንግሊዙ ገንዘብ ሄደ፣ ስሙ እኛ ጋ ቀረ። ያኔ የወጣችው ባለ ሃምሳ ሳንቲም እውነተኛ ብር ነበረችበት፤ ላይዋ ላይ ፲፱፻፴፮ የሚል አለ። እናቴ አንዷን እስክትሞት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ኖራለች።

እናቴን የሰፈራችን ሰው ያውቃታል። ጉሊት ነበር የምትሸጠው። ድንቹ መደቡ በሽልንግ፣ ቃሪያው በስሙኒ። አንድም ፊደል አትለይም። ሂሳብ ግን ማንም አያታልላትም። ያ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀዩ ስሙኒ ትዝ ይላችኋል? መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር፤ መጠኑ ከሽልንግ ጋር እየተምታታ አስቸገረና ነው ጠርዙ እንዲያ የተሠራው። እናቴ ማታ መብራት ሳይኖር ጠርዙን በጣቷ ዳብሳ «ይሄ ስሙኒ ነው፣ ይሄ ሽልንግ» እያለች ትለይ ነበር። ስስታም ሰው «ቋጣሪ» ሲባል እኔ ሁልጊዜ ያ የነጠላ ጫፍ ነው የሚታየኝ። ስድብ ሆኖ አይሰማኝም። በዚያች ቋጠሮ ነው የተማርኩት።

ስሙኒም ቢሆን እንግዳ ነው። ሞምባሳ ብትሄዱ የሽልንጉን ግማሽ «ሱሙኒ» ይሉታል። ከዐረብኛው «አንድ ስምንተኛ» የመጣ ቃል ነው። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ቤሳ ደግሞ የህንዱ ፓይሳ ዘመድ ነው። ዑማን ያሉ ልጆቻችን ዛሬም በ«ባይሳ» ይገበያያሉ። እዚህ ቤሳውን አጥተው ሄደው እዚያ ባይሳ ይቆጥራሉ፣ እንግዲህ።

ጠገራ ብርን ያየ እዚህ አለ? እጅ አውጡ። አራት… አምስት። ማርትሬዛ ይሏታል። የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተች። ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር ሲታተም ኖረ። አያቴ ጠገራ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን አይደለም፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነው። ፍሬዎቹን ይቆጥራል። ዘጠኝ ካልሞሉ አይቀበልም። «ሴትዮዋ ጌጧን ሸጣለች፤ ወስደህ ለራስህ አድርጋት» ይል ነበር። ባንክ አያውቅም፤ የሐሰት ገንዘብ ግን እጁ አልገባም።

እና ወደ ነገሬ ልምጣ። «ብር» ራሱ ምንድን ነው? ብር ማለት ማዕድኑ ነው። ኪሳችሁ ያለውን ሁለት መቶ ብር አውጡና እዩት። ወረቀት ነው! ቴሌብር ደግሞ ወረቀትም የለውም። ብሩ ከብር ውስጥ ከወጣ ስንት ዘመኑ! «ብር» የሚለውን ቃል የሰረዘው ግን የለም። «ከእንግዲህ ወረቀት ብላችሁ ጻፉ» ያለ ኮሚቴ አልሰማሁም። ታዲያ ሽልንግ ምን በደለች? የጉሊት ሴቶች ስለሚሏት ነው? በጉሊት ሴቶች ሳንቲም አይደለም እንዴ እዚህ ያለን ሰዎች ግማሾቻችን ያደግነው? ይህን ቃል «ይስተካከል» የሚለኝ ሰው መጀመሪያ እናቴን ያስተካክላት!

ይቅርታ። ውሃ አቀብሉኝ።

ወጣቶቹን መውቀሴ አይደለም። እናንተም «ጨላ» ትላላችሁ፣ «ፈረንካ» ትላላችሁ። ፈረንካም ያው ፍራንክ ነው፣ እሱም እንግዳ ነው። ገንዘብ ያጣውን «ቺስታ» ትሉታላችሁ፤ እኛ «ነጣ» እንል ነበር። በሉ፣ ደስ ይላል። የናንተን ማንም በቀይ አይሰርዘው። እኔ የምለው የኛንም አትሰርዙ ነው።

ሃምሳ ሳንቲም ዛሬ ማንንም በሰዓቱ እንደማያመጣ አውቃለሁ። ቅጣቱን ከፍ አድርጉት፤ መቶ ብር ቢሆን አልቃወምም። ስሙን ግን ተዉት። «ያረፈደ ሽልንግ ይቀጣል፤ ሽልንጉም መቶ ብር ነው» ብላችሁ ጻፉት። ማን ይከሰናል?

ሌላ ሁለት ነገር ጽፌ ነበር፤ የዋስ ጉዳይና የወንበር ኪራይ። ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል፣ የኔ ጊዜ አልቋል።

አሁን ቅጣቴ። አዲሱ ደንብ ገና ስላልጸደቀ የምቀጣው በድሮው ነው። ይኸው ሽልንግ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። የእናቴ አይደለችም፤ እሷን አልሰጥም። ይቺ የደርግ ጊዜዋ ናት። ጸሐፊያችን፣ ደረሰኝ ይቆረጥልኝ። በፊደል «ሽልንግ» ተብሎ።