ማን ይፈርማል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ሶፍትዌር፣ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ኮዱ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግሁት አንድም መስመር ኮድ ስለማይጽፉት፣ ከጀርባ ሆነው ደረሰኝ ስለሚቆርጡትና ውል ስለሚፈርሙት ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

እስቲ አንድ ፕሮጀክት አስቡ። አርባ ሰዎች በአሥራ አምስት አገር ተበትነው፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚጽፉት ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው በዛ፣ ስሙም ገነነ። አንድ ቀን አንድ ኩባንያ ይጽፍላቸዋል፦ «ሥራችሁ ጠቅሞናል፣ 20,000 ዶላር ልንሰጣችሁ እንፈልጋለን፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላኩልን፣ ደረሰኝም እንፈልጋለን።» ነገሩ እዚህ ላይ ቀጥ ይላል። ሒሳቡ በማን ስም ነው? ደረሰኙንስ ማን ይቆርጣል? አርባ ሰው አለ፤ በሕግ ዓይን ግን ማንም የለም። የሕግ ባለሙያዎች «የሕግ ሰውነት» የሚሉት ነገር ጎድሏል። ስም አለ፣ ሥራ አለ፣ የሚፈርም እጅ የለም።

ቀላሉ መንገድ ከመካከላቸው አንድ ታማኝ ሰው መርጦ ገንዘቡን በሱ ሒሳብ ማስገባት ነው። ለመጀመሪያው 200 ዶላር ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ጣጣ ነው። ግብር ሰብሳቢው ገንዘቡን የሰውየው ገቢ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሰውየው ዕዳ ካለበት አበዳሪዎቹ ዓይናቸውን ይጥሉበታል። ቢሞት ወራሾቹ ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ፕሮጀክት ይሁን ምን ይሁን የሚያውቁት ነገር የለም። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሌባ መሆን አይጠበቅበትም። መሰላቸቱ ብቻ ይበቃል።

ይህ በግምት የምናገረው አይደለም። በጁላይ 2009 የሴንትኦኤስ አልሚዎች ለአንድ ባልደረባቸው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ሴንትኦኤስ በዚያን ጊዜ ስፍር ቁጥር በሌለው ሰርቨር ላይ የተጫነ የሊኑክስ ስርጭት፣ ማለትም ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ተሰናድቶ የሚቀርብበት አንዱ ዓይነት ነው። ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ እና በፔይፓል የሚገባው ልገሳ በዚያ ሰው እጅ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ቢጠሩት የማይመልስ ሆኗል። ደግነቱ በቀናት ውስጥ ተገናኝተው ተስማሙ። ያ ክስተት የሚያሳየኝ አንድ ነገር ነው፦ ኮዱ አደጋ ላይ አልነበረም፤ ኮዱን ማንም መቅዳት ይችላል። የማይቀዳው ስሙና ገንዘቡ ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት የሚጠብቀው እንግዲህ ይህን የማይቀዳውን ነው።

ዴቢያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ስርጭት ይህን ቀደም ብሎ ገብቶታል። ፕሮጀክቱ በ1993 ተጀመረ፤ በ1997 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት፣ በአጭሩ ኤስፒአይ የተባለ ድርጅት ተመዘገበ። ሥራው የዴቢያንን ገንዘብና ንብረት በስሙ መያዝ ነበር። በኋላ በሩን ለሌሎችም ከፈተ፤ ፖስትግሬስኪውኤል፣ አርች ሊኑክስ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉ ፕሮጀክቶች በሱ ጥላ ሥር ተጠግተዋል። እንዲህ ያለውን ድርጅት እኔ «አስጠጊ» እለዋለሁ፣ ይመቸኛል። ፕሮጀክቱ የራሱን ድርጅት አያቋቁምም፤ የተቋቋመ ድርጅት ጋር ይጠጋና የሱን የባንክ ሒሳብ፣ የሱን ከግብር ነጻ መሆን፣ የሱን ፊርማ ይጠቀማል።

ክፍያው በመቶኛ ነው። ኤስፒአይ ከልገሳ 5 በመቶ ይወስዳል። በ2006 የተቋቋመውና እነ ጊትንና ኢንክስኬፕን የመሳሰሉ ፕሮጀክቶችን ያስጠጋው ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ 10 በመቶ ይወስዳል። ሒሳቡን እናስላው። 1,000 ዶላር በካርድ ቢለገስ፣ የካርድ አስተናጋጁ ወደ 3 በመቶ፣ ማለትም 30 ዶላር ገደማ ይቆርጣል። 5 በመቶው 50 ነው። ለፕሮጀክቱ 920 ይቀራል። በ10 በመቶ ከሆነ 870። የ50 ዶላር ልዩነት ነው። ታዲያ ርካሹ አይሻልም ወይ? የሚወሰነው በምትፈልጉት ነገር ነው። ኤስፒአይ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኛ ቦርድ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ገንዘብ መያዝና መክፈል ከሆነ የምትፈልጉት ይበቃችኋል። ኮንሰርቫንሲ ደመወዝተኛ ሠራተኞች አሉት፣ የሶፍትዌሩ የአጠቃቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) ሲጣስም ተከታትሎ ያስከብራል። ፈቃዱ ተጥሶበት የሚጮህ ፕሮጀክት ለዚያ 50 ዶላር መሰሰት የለበትም።

የራሳቸውን ቤት የሠሩ ፕሮጀክቶችም አሉ። አፓቼ በ1999፣ ፍሪቢኤስዲ በ2000፣ ፓይተን በ2001 ፋውንዴሽን አቋቁመዋል። ኬዲኢ በ1997 በጀርመን ሕግ ማኅበር ሆኖ ተመዘገበ፤ እዚያ ለመመዝገብ ቢያንስ ሰባት መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን መመዝገብ አንድ ነገር ነው፣ 501 ሲ 3 የሚባለውን ከግብር ነጻ የሚያደርግ ዕውቅና ማግኘት ሌላ። ዮርባ የተባለው ድርጅት፣ ሾትዌል የተባለውን የፎቶ ፕሮግራም የሠራው፣ ከአራት ዓመት በላይ ጠብቆ በ2014 «አይሆንም» ተባለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሶፍትዌሩን ማንም ሰው ለማንኛውም ዓላማ ሊጠቀምበት ይችላል የሚል ነበር። አያችሁ፣ ለኛ የኦፕን ሶርስ ውበቱ ያ ነው፤ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ጉድለት ሆነ።

ስለዚህ የኔ ሚዛን ይህ ነው፦ በዓመት 50,000 ዶላር የማያንቀሳቅስ ፕሮጀክት የራሱን ድርጅት ባያቋቁም ይሻለዋል። የወረቀቱ ሥራ ገንዘቡ ባነሰ ልክ አያንስም። ቦርድ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ከፎርም 990 ዓይነቶች አንዱ ይሞላል። የመጨረሻው ቀን የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአምስተኛው ወር 15ኛው ቀን ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳይሞላ ቢቀር ዕውቅናው በራሱ ይሰረዛል፤ ማንም አይከራከራችሁም፣ ሕጉ ራሱ ይሰርዘዋል። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም በዚህ የሚወድቁት ሌብነት የሠሩ አለመሆናቸው ነው። ገንዘብ ያዡ ሥራ ቀየረ፣ ማስታወሻው በድሮው ኢሜይሉ ይመጣል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ፤ ፀቡ ያለው እዚያ ነው።

አስጠጊው ገንዘቡን ይይዛል እንጂ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ፕሮጀክቱ ነው። ግን ፕሮጀክቱ ማለት ማን ነው? ከመጠጋታችሁ በፊት በጽሑፍ የሚያስፈልገው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ኤስፒአይ ከየፕሮጀክቱ አንድ ተጠሪ ይጠይቃል፤ የሱን ቃል ይሰማል። ዴቢያን በየዓመቱ የሚመርጠው መሪ አለው፤ ወጪ የሚፈቅደው እሱ ነው። ሌላው ፕሮጀክት ሦስት ሰው መርጦ «ከሦስቱ ሁለቱ ካጸደቁ ይከፈል» ቢል ጥሩ ነው። ተጠሪው እንዴት እንደሚቀየር ያልጻፈ ፕሮጀክት ግን ሁለት ቡድን በተከፈለ ማግስት ሁለት ተጠሪ ይልክና አስጠጊው ገንዘቡን ቆልፎ ይቀመጣል። ቢቆልፍም አልፈርድበትም።

ለአንድ ክፍያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ወጪው ከመውጣቱ በፊት ቀን ያለበት የፈቃድ መልእክት፣ ዋናው ደረሰኝ፣ የተቀባዩ ሙሉ ስም ባንኩ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ የሒሳብ ቁጥርና የባንኩ ስዊፍት ኮድ። የሚበላሸውም እነዚሁ ላይ ነው። ሰውየው በቅጽል ስሙ ይታወቃል፣ ባንኩ ደግሞ በመዝገብ ስሙ፤ ገንዘቡ ሦስት ሳምንት ተንከራትቶ ይመለሳል፣ መሐል ያለው ባንክም የራሱን ቆርጦበታል። ትንንሽ ክፍያ በዓለም አቀፍ ሐዋላ መላክ ኪሳራ ነው፤ የ40 ዶላር ደረሰኝ ካላችሁ ሌላ ሦስት እስኪጨመርበት ጠብቁና በአንድ ላይ አቅርቡ። ፈቃዱ ከወጪው በኋላ ከመጣ ደግሞ ኦዲተር ይጠይቃል፣ ኦዲተር ከጠየቀ ገንዘብ ያዡ በሚቀጥለው ጊዜ ለሁሉም ሰው ይጠብቃል፤ የአንድ ሰው ቸልተኝነት አርባውን ያንገላታል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። «ከኪስህ ክፈል፣ በኋላ እንመልስልሃለን» የሚለው አሠራር ለማን እንደተሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የ900 ዶላር የአውሮፕላን ትኬት በካርዱ ከፍሎ ሁለት ወር መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ተማሪው፣ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው፣ የውጭ ምንዛሪ የማያገኘው ሰው ዝም ብሎ አያመለክትም። ከዚያ «ከነዚያ አገሮች አመልካች የለም» ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትኬቱን ድርጅቱ ራሱ ይቁረጥ፣ ሆቴሉንም በቀጥታ ይክፈል። ለገንዘብ ያዡ ሥራ ይጨምርበታል፣ ግን ሥራው ይኸው ነው።

ጉባኤ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለቪዛ የግብዣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የተመዘገበ ድርጅት የሌለው ፕሮጀክት ደብዳቤ ኤምባሲ ውስጥ ክብደት የለውም። ደብዳቤው በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ ማደሪያውንና ትኬቱን ማን እንደሚከፍል፣ የፈራሚውን ስልክ መያዝ አለበት። ሦስት ወር ሲቀር የተጻፈ ደብዳቤ ደህና ነው፤ ስድስት ሳምንት ሲቀር የተጻፈው ለቀጠሮ እንኳ አይደርስም።

የአዳራሽና የሆቴል ውሉ ላይ ነው ድርጅት የሚሰበረው። ሆቴሉ 100 ክፍል በቅናሽ ይይዝላችኋል፣ ውሉ ግን ለምሳሌ 80ው መሞላት አለበት ይላል። 65 ሰው ብቻ ካደረ የ15ቱን ክፍል ዋጋ ትከፍላላችሁ። ምግቡም እንዲሁ ዝቅተኛ ወጪ ተቀምጦለታል። ብዙ በጎ ፈቃደኛ ዋጋውን አይቶ ይፈርማል፤ መታየት ያለበት ግን ስለ ስረዛ የሚለው አንቀጽ ነው፦ ስንት ቀን ሲቀር ብንሰርዝ ስንት በመቶ? ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው ምን ምን ያካትታል? በ2020 ፒትስበርግ ሊደረግ የነበረው ፓይኮን የተባለው የፓይተን ጉባኤ በወረርሽኙ ምክንያት በአካል ሳይካሄድ ቀረ። የፓይተን ፋውንዴሽን ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከዚያ ጉባኤ ነበር። ገቢን በአንድ ጉባኤ ላይ መስቀል ከባድ ነው፣ የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ተቀማጭ ከሌለ ደግሞ እብደት ነው።

እሺ፣ ገንዘቡ አለ እንበል። ለኮድ ጻፊዎቹ ይከፈል ወይ? በዚህ ላይ ድርጅቶቹ ራሳቸው አይስማሙም። አፓቼ ለኮድ መጻፍ አይከፍልም፤ ፍሪቢኤስዲ ፋውንዴሽን ይከፍላል። ዴቢያን አካባቢ በ2006 ደንክ ታንክ የሚባል ሙከራ ነበር፦ ኤች የተባለው ስሪት በዲሴምበር እንዲደርስ ሁለት የስሪት ኃላፊዎች የተወሰነ ጊዜ ተከፍሏቸው እንዲሠሩ። ካልተከፈላቸው መካከል የተቆጡ ነበሩ፣ እጃቸውን የሰበሰቡም ነበሩ። ስሪቱ የወጣው በኤፕሪል 2007 ነው። ለመዘግየቱ ክፍያው ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ግን ሁለት ሰው ሲከፈል ሺህ ሰው «እኔስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ያኔ ታይቷል።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ፣ የግማሽ ኢንተርኔት መቆለፊያ የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ብቻ ልገሳ ያገኝ እንደነበር ተሰማ። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም፣ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ፣ የተደበቀ በር ተገኘ። በሩን ያስገባው ሰው የደከመውን ብቸኛ ጠባቂ ለዓመታት «ላግዝህ» እያለ ቀርቦ አመኔታውን ያገኘ ነው። አለመክፈልም ዋጋ አለው ማለት ነው። እኔ የደረስኩበት መሐል ይህ ነው፦ ሰዎች ወደው ለሚሠሩት አትክፈሉ፣ ማንም ለማይፈልገው ክፈሉ። የደኅንነት ምርመራ፣ የድሮ ስሪት ጥገና፣ የሰርቨር ጥበቃ፣ የሒሳብ መዝገብ። ለነዚህ ሲከፈል የሚቀናም የለም።

ስለ ስም ጥቂት ልጨምር። «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል በ1994 ከፕሮጀክቱ ጋር የማይገናኝ ሰው በአሜሪካ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ1995 ተመዘገበለት። በክርክር ወደ ሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተመለሰው በ1997 ነው። የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ለፉከራ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያስመዘግበው ነው። ዶሜይንም እንዲሁ፤ ባለቤቱ ድርጅቱ ይሁን፣ መግቢያው ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፣ ብዙዎቹን እስከ 10 ዓመት ድረስ በአንዴ ማደስ ይቻላልና አድሱት። በየዓመቱ በራሱ ይታደሳል ብላችሁ ካርድ ላይ ከተማመናችሁ፣ ካርዱም የሚያበቃበት ቀን አለው።

የመጨረሻው ነገር መውጫው ነው። አስጠጊው ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን በ2024 መጀመሪያ ላይ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በሥሩ የነበሩት ከ600 በላይ ስብስቦች በወራት ውስጥ ሌላ ቤት ፈልጉ ተባሉ። ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ስለ መለያየት የሚለውን ገጽ አንብቡ። ገንዘቡ ለግለሰብ አይሰጥም፤ ተመሳሳይ ዕውቅና ላለው ሌላ ድርጅት ነው የሚተላለፈው፣ ስለዚህ ተቀባዩ አስቀድሞ መገኘት አለበት። ዴቢያን ገንዘቡን በአሜሪካው ኤስፒአይ ብቻ አያስቀምጥም፤ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድም የሚይዙለት ማኅበራት አሉት፣ አንዱ ቢንገዳገድ ሌላው አለ።

መልቀቅ ከመጣ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሁሉም መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ይጨነቃል፤ እኔ ከዶሜይኑ እጀምራለሁ። የባለቤትነት ስም ከተቀየረ በኋላ ዶሜይኑ ብዙ ጊዜ እስከ 60 ቀን ድረስ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ይቆለፋል። የባንክ ዝውውር ሳምንት ነው፤ ያ 60 ቀን ግን ድርጅቱ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት። ከዘጋ በኋላ የሚፈርምላችሁ አታገኙም። ደህና ሁኑ።