አገር ቤት የሕፃናት ማሳደጊያ ለመክፈት ላሰባችሁ

[ምስል፦ አዲስ አበባ፣ ማለዳ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዋሽንግተንም ሁኑ፣ ፍራንክፈርትም ሁኑ፣ ዱባይ፣ ይህን ሐሳብ ሰምታችሁታል፦ «ገንዘብ አዋጥተን አገር ቤት ወላጅ ላጡ ልጆች አንድ ቤት እንክፈት»። በየማኅበሩ ይነሳል፣ ከቅን ልብ ነው የሚነሳው። እንዴት እንደሚከፈት እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቤቱ መከፈት አለበት ወይ?

[ምስል፦ የወይዘሮ አበበች ጎበና ፎቶ]

ወይዘሮ አበበች ጎበናን የማያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄዱ። ወሎ ያኔ በረሃብ ተመትታ ነበር። በአንድ የእርዳታ ጣቢያ እናቷ የሞተችባት ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። እሱን አካፈሉ፤ ሕፃኗንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። በዚህ የተነሳ ትዳራቸው እንኳን አልቆመም። ልጆቹን ግን አልተዉም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የተዉት ድርጅት በግቢው ከሚያሳድጋቸው ልጆች እጅግ የሚበዙትን የሚረዳው በየቤታቸው እያሉ ነበር። ልጁን ያስተምራል፣ እናቲቱን ሙያ አሠልጥኖ ገቢ እንድታገኝ ያደርጋል። አልጋ በማብዛት አላደገም።

ለምን? እስቲ ሩማንያ እንሂድ።

[ምስል፦ በረድፍ የተደረደሩ የሕፃናት አልጋዎች]

ቡካሬስት ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ተመራማሪዎች በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታተሉ። ግማሾቹ በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሌላውን ልጅ ተቀብሎ በቤቱ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ተሰጡ፤ ሌሎቹ በተለመደው የማሳደጊያ አያያዝ ቀጠሉ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም፣ ሰው በመቅረብም በለጡ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ውስጥ የገቡት። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያም ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤተሰብ ውስጥ ይደግ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሳደጊያ ስትጎበኙ በር ላይ ሮጦ መጥቶ እግራችሁን የሚያቅፍ ልጅ ታገኛላችሁ። ስማችሁን አያውቅም። ከቀሚሳችሁ አይላቀቅም፤ ስትወጡ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ለሚመጣውም እንግዳ እንዲሁ ያደርጋል። እኛ «እንዴት ፍቅር የሆነ ልጅ ነው!» ብለን አልቅሰን እንወጣለን። እናቱ ጉያ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ ግን እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ ቀሚሷ ሥር ይደበቃል። ያኛው የሚደበቅበት ቀሚስ የለውም። ሞግዚቶች በፈረቃ ይቀያየሩበታል፤ የለመዳት ሥራ ለቅቃ ትሄዳለች፤ ሌላ ትመጣለች።

ገንዘቡም ራሱ ልጅ ይስባል። ካምቦዲያ ውስጥ ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የማሳደጊያዎቹ ቁጥር 75 በመቶ ጨመረ። ብዙዎቹ በውጭ ለጋሾች የሚደጎሙ ነበሩ። አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ድሃ እናት ልጇ በልቶ እንዲማርላት ብላ አስረከበች እንጂ ልጁ ወላጅ አልባ አልነበረም።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከግንብ በፊት አያት ላይ አውሉት። ሁለት የልጅ ልጆች የምታሳድግ ሴት አያት የሚያስፈልጋት የታወቀ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ዘይትና ጤፍ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የመታከሚያ። የጥበቃ ደመወዝ የለ፣ የመኪና ነዳጅ የለ። የሰፈሩ ዕድር ማን ምን እንደጎደለበት ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ እዚያ ጀምሩ።

[ምስል፦ ትንሽ ግቢ፣ የልብስ ገመድ፣ የሚጫወቱ ልጆች]

ዘመድም፣ አደራ ቤተሰብም፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻም የማይገኝላቸው ልጆች ግን አሉ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል። ለእነሱ ቤት ያስፈልጋል፤ እሱም ትንሽ ይሁን። ኸርማን ግማይነር በ1949 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያዋ ኢምስት የኤስኦኤስ የሕፃናት መንደርን ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ በአንድ ቤት ጥቂት ልጆች፣ አብራቸው የምትኖር አንዲት እናት፣ ወንድምና እህት ሳይለያዩ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሥራው የሚመራው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የምትመዘገቡት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ባላችሁበት አገር የተቋቋመ ድርጅት እንደ ውጭ ድርጅት ስለሚመዘገብ ሰነዶቹን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ከሚመራው የክልሉ ቢሮ ጋር ተስማሙ። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ልጅ ደግሞ በፍጹም በግል ስምምነት አትቀበሉ፤ በመንግሥት በኩል ይምጣ፣ ፋይሉም ይሟላ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የተገኘበት ቦታ፣ የሚታወቅ ዘመድ ካለ ስሙ። ያ ልጅ አንድ ቀን «የማን ነኝ?» ይላል። ያኔ መልሱ ያለው ያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

መክፈቱ ቀላሉ ነው። የምርቃቱ ቀን ሁሉም ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። በአምስተኛው ዓመት ነው ጎፈንድሚው፣ የኢንተርኔት መዋጮው፣ ፀጥ የሚለው። ዛሬ የሁለት ዓመት ሕፃን የተቀበላችሁ ለ16 ዓመት ቃል ገብታችኋል። 18 ሲሞላውም ሻንጣ አስይዛችሁ አትሸኙትም፤ የሚከራየው ቤት፣ ሙያ፣ በዓል የሚውልበት ሰው ያስፈልገዋል። የአንድ ዓመት ወጪ በባንክ ሳይቀመጥ የመጀመሪያውን ልጅ አትቀበሉ።

አሁን ለአንድ ማሳደጊያ በየወሩ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንቶቹ ልጆች በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ አላቸው? ባለፈው ዓመት ስንቱ ወደ ቤተሰብ ተመለሰ? የተመለሱትን ማን፣ በየስንት ጊዜው ይጎበኛል? የሚመልስላችሁ ሰው የልጆቹን ስም እየጠራ ካስረዳችሁ፣ መላካችሁን ቀጥሉ።