ጅራቷን ያልጣለችው አስመሳይ

ሰናይት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ጉዳያችን የቢራቢሮ ክንፍ ቀለምና ቀለሙን የሚወስኑት ጂኖች ናቸው። በዚህ መስክ ብዙ የተጻፈላቸው የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ሄሊኮንየስ ቢራቢሮዎች ቢሆኑም፣ እኔና ዳዊት የመረጥነው በአፍሪካ ደኖች የምትኖረውን፣ በኢትዮጵያም የራሷ ንዑስ ዝርያ ያላትን ፓፒሊዮ ዳርዳነስን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳዊት፦ ወንዶቹ በየትኛውም አገር ቢታዩ መልካቸው እጅግ ተቀራራቢ ነው፤ ክንፋቸው ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ከኋላ ክንፋቸውም ጅራት የሚመስል ቀጭን ጫፍ ይወጣል። ሴቶቹ ዘንድ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቶቹ ጅራት የላቸውም፤ በአንድ ደን ውስጥ እንኳ አንዷ ጥቁርና ነጭ፣ ሌላዋ ብርቱካናማ፣ ሦስተኛዋ በጥቁር መደብ ላይ ነጠብጣብ ያለባት ልትሆን ትችላለች። የአንዲት እናት ልጆች ሆነው እንዲህ ሊለያዩ መቻላቸው ነው የሚያስገርመው።

ሰናይት፦ ይህን መቀበል ለባለሙያዎቹም ከብዷቸው ነበር። ሮላንድ ትራይመን የተባለው የደቡብ አፍሪካ የነፍሳት አጥኚ በ1869 እነዚህ ሁሉ የአንድ ዝርያ ሴቶች ናቸው ብሎ ሲጽፍ፣ ለእያንዳንዷ የተለየ ስም ሰጥተው በየመሳቢያቸው ካስቀመጧት ሰብሳቢዎች መካከል የተሳለቁበትም ነበሩ። በኋላ ከአንዲት ሴት እንቁላል የተፈለፈሉት እጮች ሙሽሬ ሆነው ክንፍ ሲያወጡ ግን ክርክሩ አበቃ።

ዳዊት፦ የመለያየታቸው ምክንያት ደግሞ ወፍ ነው። ጥቁርና ነጯ ሴት የምትመስለው አማውሪስ ኒያቪየስ የተባለችውን ለወፍ የማትጣፍጥ ቢራቢሮ ነው፤ ብርቱካናማዋ ደግሞ ዳናውስ ክሪሲፐስን ትመስላለች። የዳናውስ እጭ በቆላ እንደሚበቅለው ጦቢያው ያሉ፣ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ተክሎችን ስለምትመገብ መርዛቸውን በሰውነቷ ልታጠራቅም ትችላለች። የዳርዳነስ እጭ በበኩሏ የምትመገበው የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆኑ ተክሎችን ነው፤ ለመፋቂያ የምንቆርጠው ልምጭ አንዱ ነው። መርዝ የላትም፤ የምትድነው በሌላዋ ስም ነው።

ሰናይት፦ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሄንሪ ቤትስ ከ11 ዓመት የአማዞን ቆይታው በኋላ በ1862 ያብራራው የማስመሰል ዓይነት ይህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አስመሳዮቹ ከበዙ ማታለሉ ይከሽፋል፤ ወፏ ባለ መርዟን ከመቅመሷ በፊት ደጋግማ ጣፋጯን ካገኘች ከዚያ ቀለም መሸሽን አትማርም። ስለዚህ ብርቅ የሆነው መልክ ይጠቀማል፣ የበዛው ይጎዳል፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ብዙ መልክ ጎን ለጎን የሚኖረውም በዚህ የተነሳ ነው።

ዳዊት፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መልኩ በውርስ ሳይበታተን የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ግማሽ ዳናውስ፣ ግማሽ አማውሪስ የምትመስል ሴት ወፍን አታታልልም። በዚህ ጉዳይ ሁለት ታላላቅ የዘረመል ሊቃውንት በተቃራኒ ቆመው ነበር። ሮናልድ ፊሸር መመሳሰሉ ተፈጥሯዊ ምርጫ ጥቃቅን ለውጦችን በማከማቸት ቀስ በቀስ የገነባው ነው ሲል፣ ሪቻርድ ጎልድሽሚት ደግሞ አንድ ትልቅ ለውጥ በአንድ ጊዜ አዲስ መልክ ሊያወጣ ይችላል ብሎ ተከራከረ።

ሰናይት፦ ፍርዱን ለመስጠት የሞከሩት የሊቨርፑሉ ሐኪም ሲሪል ክላርክና የዘረመል ተመራማሪው ፊሊፕ ሼፐርድ ነበሩ። ክላርክ ወንዱንና ሴቷን በእጁ ይዞ ያዳቅላቸው ነበር፤ ቢራቢሮዎቹ በራሳቸው ፈቃድ እስኪገናኙ ቢጠብቅ ኖሮ ከሩቅ አገር የመጡትን ማዳቀል ባልተቻለው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስለ ቢራቢሮ ውርስ ያዳበሩት አስተሳሰብ ወደ ሰው የደም ዓይነት ጥናት መርቷቸው፣ በእናትና በፅንስ መካከል በሚፈጠር፣ አርኤች በተባለው የደም ዓይነት አለመጣጣም ይሞቱ የነበሩ ሕፃናትን የሚያድነው መርፌ እንዲገኝ ከረዱት መካከል መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። አሁን ወደ ክንፉ እንመለስ።

ዳዊት፦ ውጤታቸው እንዲህ ነው። የሴቶቹን መልክ በዋናነት የሚወስነው ኤች ብለው የሰየሙት አንድ የጂን ስፍራ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ስፍራ ላይ ብዙ አማራጮች አሉ፣ በአንድ አካባቢ ቢራቢሮዎች መካከልም አንዱ አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። በጣም ከተራራቁ አገሮች የመጡትን ሲያዳቅሉ ግን ያ መሸፋፈን ይላላና መካከለኛ መልክ ያላቸው ሴቶች ይወለዳሉ። ይህ የሚያሳየው ዋናውን መቀያየሪያ የሚያግዙና መልኩን የሚያጠሩ ሌሎች ጂኖች በየአካባቢው ተመርጠው እንደቆዩ ነው። ወንዱም ያንኑ ጂን ይሸከማል፣ ለሴት ልጆቹም ያወርሳል፤ በራሱ ክንፍ ላይ ግን አይታይም።

ሰናይት፦ የኢትዮጵያዋ የምትገባውም እዚህ ላይ ነው። ክላርክና ሼፐርድ በ1960 ያሳተሙት ጥናት ስለ ማዳጋስካሩና ስለ ኢትዮጵያው ንዑስ ዝርያ ነበር። የኛዋ አንቲኖሪ ትባላለች፤ ስሟ በ1882 በሸዋ የሞተውን ጣሊያናዊ አሳሽ ኦራዚዮ አንቲኖሪን ያስታውሳል። የማዳጋስካር ሴቶች ወንዶቻቸውን ይመስላሉ። የኢትዮጵያ ሴቶችም ብዙዎቹ ወንድ መሳይ ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን የመርዛማዎቹን ቀለም የለበሱ ጥቂቶች አሉ፣ እነዚህም ጥቂቶች ጅራታቸውን አልጣሉም። አማውሪስም ሆነች ዳናውስ ጅራት የላቸውም! ቀለሙን ገልብጣ ጅራቱን የረሳች አስመሳይ ናት ማለት ነው።

ዳዊት፦ ብዙዎች ይህችን ቢራቢሮ ለፊሸር ምስክር አድርገው አቁመዋታል፤ መጀመሪያ ቀለሙ ተለወጠ፣ ጅራቱ ከዚያ በኋላ ጠፋ ይላሉ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የቀለሙ ጂን ከደቡብ ተነስታ ከመጣች ቢራቢሮ ጋር በመዳቀል የገባ ቢሆንስ?

ሰናይት፦ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም የትኛው ቀደመ ለሚለው የኢትዮጵያዋን ብቻዋን ማስረጃ አላደርጋትም። በማዳቀሉ የተረጋገጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጅራትን የሚወስነው ጂን ከኤች ጋር ተያይዞ አይወረስም። ጅራት ያላትንና የሌላትን ዘር ስታዳቅል የሴት ልጆቹ ጅራት አጠር ብሎ መካከለኛ ይሆናል፣ ቀለማቸው ምንም ቢሆን። ስለዚህ መመሳሰሉ በአንድ ዝላይ ሙሉ በሙሉ የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ለውጦች በተለያዩ ስፍራዎች ላይ አስፈልገዋል።

ዳዊት፦ በዚህ ልስማማ። ጎልድሽሚትም ቢሆን ባዶ እጁን አልተመለሰም። በ2014 የታተመ ጥናት የኤችን ስፍራ ከ500 ሺህ የማይበልጡ የዲኤንኤ ፊደላት ወዳሉበት፣ 24 ጂኖችን ወደያዘ ክልል አጠበበው፤ ከእነዚህም ከመልኩ ጋር ይበልጥ ተዛምዶ የተገኘው ኢንግሬልድ የተባለው ጂን ነው። ብዙ ጂኖች ተሰባስበው እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳሉ ተብሎ ሲገመት የኖረው ነገር በአመዛኙ ወደ አንድ ጂን አጋደለ። ኢንግሬልድ ደግሞ ለማስመሰል ሲባል የተፈጠረ አዲስ ጂን አይደለም፤ በፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ላይ የእያንዳንዱን የሰውነት ክፍል የኋላ ግማሽ ከፊተኛው የሚለየው ያው የጥንቱ ጂን ነው።

ሰናይት፦ የቢራቢሮ ክንፍ ቀለም የሚመጣው ከጥቃቅን ቅርፊቶች ነው፤ እያንዳንዱ ቅርፊት የአንድ ሕዋስ ሥራ ነው፣ በጥቅሉም አንድ ቀለም ይይዛል። ኢንግሬልድን የመሰለ ጂን ሌሎች ጂኖችን የሚያዝ ስለሆነ፣ በክንፉ ላይ የሚነቃበት ስፍራ ከተቀየረ የብዙ ሺህ ቅርፊቶች ዕጣ አብሮ ይቀየራል። በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ በአንዳንድ መልኮች ላይ፣ ኢንግሬልድንና ጎረቤቱን ኢንቬክትድን በሚቆጣጠረው የዲኤንኤ ክፍል ውስጥ አንድ ቁራጭ ተገልብጦ እንደሚገኝ አሳየ። የተገለበጠ ቁራጭ ካልተገለበጠው ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም፤ ስለዚህ መልኩ ሳይበረዝ ይወረሳል።

ዳዊት፦ በሄሊኮንየስም የታየው የዚሁ ዘመድ ነው። ኦፕቲክስ የሚባለው ጂን ቀዩን ቀለም እንደሚወስን በ2011 ታወቀ፤ በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች ጂኑን ክሪስፐር በተባለው የዲኤንኤ መቁረጫ ዘዴ ሲያበላሹት ቀይ የነበረው ጥቁር ሆነ። የሚገርመው፣ በሌላ ዝርያ ላይ ይህንኑ ጂን ሲያበላሹ ክንፉ ሰማያዊ ብልጭታ አወጣ።

ሰናይት፦ አንድ ነገር ይቅረን። የኢትዮጵያ ሴቶች ብዙዎቹ ለምን ወንድ መሳይ ሆነው ቀሩ?

ዳዊት፦ እኔ የማደላው ወደ ሒሳቡ ነው። የማስመሰል ጥቅም የሚለካው በአካባቢው ባሉት ባለ መርዞች ብዛት ነው፤ እነሱ ባነሱበት ስፍራ አዲሱን ቀለም መልበስ ብዙም አያተርፍም። ወንድ መምሰልም የራሱ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተገናኝታ እንቁላል ለመጣል የምትጣደፍን ሴት ሌሎች ወንዶች ከማሳደድ ሊገላግላት ይችላል የሚሉ አሉ። እናንተም አድማጮቻችን በደን ዳር ቢጫና ጥቁር ባለ ጅራት ቢራቢሮ ብታዩ ወንድ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ልምጭ ላይ አርፋ አንድ እንቁላል ለጥፋ ከሄደች ሴት ናት።