ጥቁር ሕንፃ በጥቁር ሌሊት እንዴት ይሣላል?

[ምስል፦ ሙሉው ሥዕል፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ]

ይህ ሥዕል የአሜሪካዊቷ ሰዓሊ የጆርጂያ ኦኪፍ ነው፤ «ራዲያተር ሕንፃ፣ ሌሊት፣ ኒው ዮርክ» ይባላል። የተሣለው በ1927 እ.ኤ.አ. ሲሆን በሸራ ላይ የተሠራ የዘይት ቀለም ነው፤ ቁመቱ 122፣ ወርዱ 76 ሴንቲ ሜትር ግድም። ራዲያተር ሲባል የመኪናው እንዳይመስላችሁ። ሕንፃውን ያሠራው የቤት ማሞቂያ አምራች ኩባንያ ነው።

ችግሩ ሕንፃው ራሱ ጥቁር መሆኑ ነው። በ1924 የተጠናቀቀውን ይህን ሕንፃ የነደፈው ሬይመንድ ሁድ ጥቁር ጡብ የመረጠው ለቀኑ አስቦ ነው። ግድግዳው ነጣ ያለ ከሆነ መስኮቶቹ ከሩቅ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይመስላሉ፤ ግድግዳው ሲጠቁር ግን መስኮትና ጡብ ተዋሕደው ሕንፃው አንድ ወጥ ይሆናል። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጥቁር ግድግዳ በጥቁር ሰማይ ላይ። ታዲያ ጠርዙ በምን ይለያል?

[ምስል፦ የሕንፃው ጎን በቅርበት፣ ከዚያ አናቱ]

ኦኪፍ ሕንፃውን በመስመር አልከበበችውም። የመስኮቶቹ ረድፍ በሚያበቃበት ዓይናችን ራሱ ጠርዙን ይሠራል። በወርቃማ ጌጥ የተዋበው አናት በመብራት ነጥቶ ጎልቷል፤ ከበስተጀርባው የፓውዛ ጨረር ሰማዩን ይከፍለዋል። በስተቀኝ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ይህ ቅርጽ የለሽ ነገር ባይኖር ሥዕሉ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ በደረቀ ነበር።

[ምስል፦ በግራ ያለው ቀይ ማስታወቂያ]

ቀይዋ ጽሑፍ «አልፍሬድ ስቲግሊትዝ» ትላለች። ፎቶግራፍ አንሺው የሰዓሊዋ ባል ነው። በቦታው የነበረው ግን የአንድ የሳይንስ መጽሔት ማስታወቂያ ነው፤ ስሙን የለወጠችው እሷ ናት። ሥዕሉን በ1949 ናሽቪል ለሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሰጠችው።

[ምስል፦ ሸራ፣ ቀለም መደባለቂያ፣ ብሩሽ]

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ከቱቦ የወጣ ጥቁር ብቻውን ሸራው ላይ ቀዳዳ ይመስላል። አልትራማሪን ሰማያዊን ከበርንት አምበር ቡናማ ጋር ደባልቁ፤ ለሰማዩ ሰማያዊውን፣ ለሕንፃው ቡናማውን አብዙ። ይህ ትንሽ ልዩነት ያለ መስመር ይለያቸዋል። ጨለማውን በስሱ ቀቡና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ነጩን እርጥብ ጥቁር ላይ ብታሳርፉት መብራቱ አመድ ይሆናል፤ ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ነው።

መስኮቶቹን በሦስት ደረጃ ክፈሏቸው፦ የጠፉ፣ የደበዘዙ፣ የበሩ። ንጹሕ ነጭ ለጥቂቶቹ ብቻ ይቀመጥ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር አሳንሷቸው፤ ካልሆነ ፎቁ ቁመት አይኖረውም። ሁሉም እኩል ከበሩ ሕንፃው ወንፊት ይሆናል። ያኔ ሌላ ብርሃን አትጨምሩ፤ ቀለሙ ሲደርቅ በዘይት የቀጠነ ጥቁር እየደረባችሁ ግማሾቹን መስኮቶች አጥፏቸው።