275 አሚኖ አሲዶችና አንድ ደካማ ቦታ፦ በልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ኢንዛይም እንዴት ተሠራ?

[ምስል፦ ነጭ ነጠላ፣ ጥለቱ አጠገብ የሽሮ ወጥ ጠብታ። ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋል።]

ይህ እድፍ አንድ ነገር አይደለም። ከሽምብራው የመጣ ፕሮቲን አለበት፣ ስታርች አለበት፣ ዘይት አለበት፤ በዘይቱ ውስጥ ደግሞ የበርበሬው ቀለም ሟሙቷል። ሳሙና ዘይቱን ከጨርቁ አላቅቆ ውሃው ላይ ያንሳፍፈዋል። እንዶድም ሲሠራ የኖረው ይህንኑ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን አረፋ እየሠራ ቅባት ያነሣል። ፕሮቲኑና ስታርቹ ግን ለሳሙና ብቻ አይመለሱም። ረጃጅም ሰንሰለቶች ስለሆኑ ክሩ ውስጥ ተጠላልፈው ይደርቃሉ፣ ሲደርቁም ቅባቱንና ቀለሙን አብረው ያስቀራሉ። እነሱን ለማስለቀቅ መቆራረጥ ያስፈልጋል።

የሚቆራርጠው ኢንዛይም የሚባል፣ ራሱም ፕሮቲን የሆነ ነገር ነው። ፕሮቲን የሚቆርጠው ፕሮቲዬዝ ይባላል፣ ስታርች የሚቆርጠው አሚሌዝ፣ ስብ የሚቆርጠው ሊፔዝ። የበርበሬው ቀለም ላይ አንዳቸውም ሥልጣን የላቸውም፤ የተደበቀበት ዘይት ሲነሣለት አብሮ ይሄዳል፣ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

አንድ ነገር ቶሎ ላጥራ። «ባዮሎጂካል» የሚል የተጻፈበት ዱቄት ሳሙና ውስጥ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የለም። ባክቴሪያው ፋብሪካ ውስጥ፣ በትልልቅ የብረት ታንኮች ያድጋል፤ ኢንዛይሙን ወደሚኖርበት ፈሳሽ ይለቃል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ ኢንዛይሙ ብቻ ይወሰዳል። ሳሙናው ውስጥ የሚገባው መጠን ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያ የሚበቃው ኢንዛይም ሥራ ሠርቶ ስለማያልቅ ነው። አንዱን ሰንሰለት ቆርጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ኢንዛይሙን የሚያመርተው ምግቡን ለመፍጨት እንጂ የኛን ነጠላ ለማጠብ አይደለም። ሳሙና ውስጥ ደግሞ ሶዳ አለ፣ ማንጫ አለ፣ ካልሲየም የሚለቅም ኬሚካል አለ። እያንዳንዳቸው ኢንዛይም ይገድላሉ። የዚህ ቪዲዮ ታሪክ ያን የአፈር ፕሮቲን እዚህ ሁሉ ጠላት መካከል እንዲኖር ያደረጉት ሰዎች ሥራ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

[ምስል፦ የድሮ ቆዳ ማልፊያ፣ ጥቁርና ነጭ።]

መነሻው ልብስ ሳይሆን ቆዳ መሆኑ ይገርመኛል። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ቆዳውን ለማለስለስ የውሻ ኩስና የርግብ ኩስ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ኦቶ ሮም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ የሚሠራው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም ነው ብሎ አሰበ፤ በኩሱ ምትክ ከከብት ጣፊያ የወጣ ኢንዛይም ለገበያ አቀረበ። ጣፊያ ስል ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ምግብ የሚያፈጨውን ዕጢ፣ ፓንክሪያስ የሚሉትን ማለቴ ነው። በ1913 ያንኑ ኢንዛይም ከሶዳ ጋር ቀላቅሎ ልብስ መዘፍዘፊያ አድርጎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የእንስሳው ኢንዛይም ግን ሶዳውን ብዙም አልቻለውም። ስለዚህ ነገሩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቀረ።

መፍትሔው ከባክቴሪያ መጣ። ባሲለስ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ሰብቲሊሲን የሚባል ፕሮቲዬዝ ያመርታሉ። በ1959 አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ የባክቴሪያ ፕሮቲዬዝ ያለበት ማጠቢያ አወጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ አልካሌዝ የሚለውን ምርት ለሳሙና ፋብሪካዎች መሸጥ ጀመረ። ይኸኛው ሶዳ ውስጥ ይሠራል። ገበያው ጦፈ።

ጦሱም አብሮ መጣ። ኢንዛይሙ የላመ ዱቄት ነበርና ፋብሪካ ውስጥ ይቦናል። ሠራተኞች ይተነፍሱታል፣ አስም ይይዛቸዋል። በ1969 ከእንግሊዝ የወጡ የሕክምና ጽሑፎች ነገሩን ይፋ አደረጉት። አሜሪካ ውስጥ ፍርሃቱ ወደ ሸማቹ ተዛመተና ኩባንያዎች ኢንዛይሙን ከምርታቸው አወጡ። መፍትሔው ኢንዛይሙን አድቦልቡሎ እንደ ሰም ባለ ነገር መሸፈን ሆነ፤ እንዳይቦንን። የዛሬ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ኢንዛይም እንዲህ የተሸፈነ ነው።

[ምስል፦ የሰብቲሊሲን ቅርጽ። አንድ ነጥብ በቀይ ይበራል። ጽሑፍ፦ 222]

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን።

ሰብቲሊሲን 275 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ ተሰካክተው የተሠራ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ቅርጽ ይይዝና ሦስት አሚኖ አሲዶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ 32ኛው፣ 64ኛውና 221ኛው። የመቁረጡን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ሦስቱን በቦታቸው ይዞ የሚቆም ነው ማለት ይቻላል።

ከ221ኛው ቀጥሎ፣ 222ኛው ቦታ ላይ ሜታዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ተቀምጧል። ሜታዮኒን ውስጥ የሰልፈር አቶም አለ፤ ሰልፈር ደግሞ ኦክስጅን ካገኘ ይይዛል። ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይለቃል። ኦክስጅኗ 222ኛው ቦታ ላይ ገብታ ትቀመጥና ከመቁረጫው ሥር እንደ ሽብልቅ ትሆናለች። ኢንዛይሙ አይፈርስም፣ ቅርጹም ብዙ አይለወጥም፤ ግን አብዛኛው ጉልበቱ ይጠፋል። ከ275 ውስጥ አንዱ ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው።

በ1985 ጄኔንቴክና ጄኔንኮር ከሚባሉ የካሊፎርኒያ ኩባንያዎች የመጡ ተመራማሪዎች ያን አንድ ቦታ ብቻ ነጥለው ያዙ። የኢንዛይሙ መሥሪያ መመሪያ በሆነው ጂን ላይ የተመረጠን ፊደል መለወጥ የሚቻልበት ዘዴ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ፈልሳፊው ማይክል ስሚዝ በ1993 ኖቤል ተሸልሞበታል። ተመራማሪዎቹ ሜታዮኒኑን አውጥተው በተፈጥሮ ካሉት ከቀሩት 19 አሚኖ አሲዶች እያንዳንዱን በተራ ተኩ። አሥራ ዘጠኝ አዳዲስ ኢንዛይሞች ሆኑ ማለት ነው። ሁሉንም ፐርኦክሳይድ ውስጥ ፈተኗቸው።

ውጤቱን ልብ በሉት። ሲስቴይን የገባበት ከተፈጥሮው እንኳ ይበልጥ ፈጣን ሆነ፤ ግን ሲስቴይንም ሰልፈር ስላለው ማንጫው ወዲያው አሰናከለው። አላኒን፣ ሲሪን ወይም ሉሲን የገቡባቸው ማንጫውን ቻሉ፤ ሆኖም ፍጥነታቸው ቀነሰ፣ አላኒን ያለበት ከመነሻው ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። የቱን ትመርጣላችሁ? ገበያው የመረጠው የዘገየውን ግን የማይሞተውን ነው። ግማሽ ፍጥነት ለአንድ ሙሉ እጥበት፣ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ከሚቆም ሙሉ ፍጥነት ይሻላል። የኢንዛይም ምህንድስና ከሞላ ጎደል እንዲህ ያለ ድርድር ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት።

[ምስል፦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሌት።]

ግን 222ን ማነጣጠር የተቻለው ጥፋተኛው ስለታወቀ ነው። ካልታወቀስ? እስቲ እናስላው። 275 ቦታ፣ በየቦታው 19 ምትክ፤ አንድ ለውጥ ብቻ ያላቸው 5,225 ናቸው። ይህ ብዙ አይደለም። ሁለት ለውጥ በአንዴ ካልን ከ13 ሚሊዮን ተኩል ያልፋል። ሦስት ስንል መቁጠሩንም እንተወው።

በካሊፎርኒያው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ፍራንሲስ አርኖልድ ስሌቱን ወደ ጎን ትታ ገበሬ ዘር እንደሚመርጠው አደረገች። ከማሳው ጥሩ የያዘውን ዛላ ለይቶ ለከርሞ ዘር ያስቀምጣል፤ ከርሞም እንደገና። እሷም የሰብቲሊሲኑን ጂን ሆን ብላ ስሕተት በሚያበዛ መንገድ አባዛች፣ የተዘበራረቁትን ጂኖች ለባክቴሪያ ሰጠች፣ ባክቴሪያዎቹን የወተት ፕሮቲን ባለበት ሳህን ላይ አሳደገች። ኢንዛይሙ በሚሠራበት ቦታ ነጩ ፕሮቲን ይፈጫል፤ በባክቴሪያው ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ሰፊውን ክብ የሠራውን ትመርጣለች፣ ጂኑን ወስዳ እንደገና ታዘበራርቃለች። በ1993 ያወጣችው ውጤት ዝነኛ ነው፤ ፕሮቲንን በሚያሽመደምድ ኬሚካል 60 በመቶ በሞላበት ፈሳሽ ውስጥ፣ አሥር ለውጦች ያሉት ኢንዛይሟ ከተፈጥሮው 256 እጥፍ ይበልጥ ይሠራ ነበር። አሥሩን ለውጦች ቁጭ ብሎ አስቦ የሚያገኛቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ የእሷ ሆነ። የእሷ ሙከራ ለልብስ ሳሙና አልነበረም፤ ዘዴው ግን ወደ ሳሙና ላቦራቶሪዎች ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሊፔዝን ከአንድ ሻጋታ ወስዶ በሌላ ሻጋታ ውስጥ በብዛት ማምረት የተቻለው በ1988 ነው፤ በጂን ምህንድስና ለሳሙና የተሠራ የመጀመሪያው ሊፔዝ ነበር፤ ይህም የኖቮ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጃፓኑ ካኦ አታክ በተባለው ሳሙናው ውስጥ ሴሉሌዝ ጨመረ። ሴሉሌዝ እድፉን ትቶ ጥጡን ራሱን ይነካል፤ ከክሩ ላይ የቆሙትን ጥቃቅን ጭረቶች ይቆርጥና ልብሱን ያለሰልሰዋል። ጂንስ ፋብሪካዎችም ሱሪውን ለማደብዘዝ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር እያንገላቱ ማጠብን በሴሉሌዝ መተካት ጀመሩ።

ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ፕሮቲዬዝና አሚሌዝ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሚሌዝ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲዬዝ የሚበላው ደግሞ ፕሮቲን ነው። መደርደሪያ ላይ ወራት ሲቀመጥ ጎረቤቱንም ራሱንም በልቶ ይጨርሳል። ስለዚህ የመቁረጫውን ቦታ የሚዘጋ ቦሬት የሚባለውን ጨው የመሰለ ነገር ይጨመርበታል። ክዳኑ ላይ ቀድታችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ስትደፉት ቦሬቱ ይቀጥናል፣ ከኢንዛይሙ ላይ ይለቃል፣ ፕሮቲዬዙ ይነቃል።

[ምስል፦ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ እጅ።]

በሳፋ ለምታጥቡ፦ ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል። ዱቄቱን በትኖ ወዲያው ማሸት ለሳሙናው ይበቃል፣ ለኢንዛይሙ አይበቃም፤ ለብ ባለ ውሃ ሠላሳ ደቂቃ ዘፍዝፉት። በፈላ ውሃ አይሆንም፤ ኢንዛይሙንም ይገድላል፣ እድፉ ደም ከሆነ ፕሮቲኑን ደግሞ እንደ እንቁላል አጠንክሮ ክሩ ላይ ያስቀረዋል። በረኪና አብራችሁ አትጨምሩ። እነ 222ን ያስተካከሉት ለፐርኦክሳይድ ነው፤ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከዚያ የከፋ ነው። ሐርና ሱፍ ፕሮቲን ናቸው፤ ፕሮቲዬዝ እድፉንና ክሩን አይለይም።

[ምስል፦ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከላይ ሲታዩ። ሻላ፣ አቢጃታ፣ ጪቱ።]

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሻሻል ነገር መጀመሪያ ከአንድ ቦታ መገኘት አለበት። ሶዳ የሚችል ኢንዛይም ፈላጊ ሶዳ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ ጃፓናዊው ኮኪ ሆሪኮሺ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነው። የእኛዎቹ ሻላ፣ አቢጃታና ጪቱ ፒኤቻቸው (የሶዳነት መለኪያው) 10 አካባቢ ነው፤ የልብስ ሳሙና ውሃም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከአቢጃታ የተገኙ ባክቴሪያዎች የዶሮ ላባ እየተመገቡ ሶዳ የሚችል ፕሮቲዬዝ እንደሚያመርቱ በ2003 ታትሟል። ላባ ቄራ የሚጥለው ቆሻሻ መሆኑን አስቡ።

ከድንበር ማዶ ግን ክርክር ተነሥቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኬንያ የሶዳ ሐይቆች ባክቴሪያ ተወሰደ። ከእሱ የወጣው ሴሉሌዝ በጄኔንኮር እጅ ጂንስ ማደብዘዣ ሆነ። በ2004 የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ፈቃዳችን አልተጠየቀም፣ ድርሻችንም አልደረሰንም ብሎ በይፋ ወቀሰ። ወሳጆቹ ደግሞ የምርምር ፈቃድ ነበረን አሉ። አገሮች በሕይወታዊ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚያውቀው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በ1993 ማብቂያ ላይ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። በ2007 የኖቮ ወራሽ የሆነው ኖቮዛይምስ ከዚሁ የኬንያ ተቋም ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመ። ኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 482 አላት፤ የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን፣ ጥቅምንም ማካፈልን ያዛል።

እኔ ለሁለቱም ወገን እውነት እሰጣለሁ። ሐይቁ ያልሰጠውን ላቦራቶሪው አይሠራም፤ ላቦራቶሪው ያልነካው የሐይቅ ኢንዛይም ደግሞ ሳሙና ውስጥ ብዙ አይቆይም። ድርሻው ስንት ለስንት እንደሆነ ግን እስካሁን ማንም አላሰላውም፣ አሁን ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ከብዷል። ምክንያቱም ጭቃ በብልቃጥ ይዞ መሄድ እየቀረ ነው። የጂኑ ቅደም ተከተል ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ኩባንያው ያን አውርዶ፣ ጂኑን በማሽን አሠርቶ፣ ሐይቁን ሳያይ ኢንዛይሙን ያመርታል። በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ለዚህ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ እንዲህ ባለ መረጃ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያስገቡ ይጠበቃል። ፈንዱ በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀምሯል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው።