ቧንቧ ከፍተን ነው የምናለቅሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር የጻፍነው የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን ከወጣ ሦስት ወር ሞላው። እስካሁን ስለደረሰን አስተያየት ላወራችሁ ነው። የምናገረውን ሁሉ እሷን አስፈቅጃለሁ።

ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። አንዷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላዋ አዲስ አበባ እናታቸውን ታስታምማለች። አንድ ምዕራፍ እኔ፣ አንድ ምዕራፍ እሷ እየተቀባበልን ጻፍነው። ዘዴውን ያገኘነው ከስዊድናውያኑ ጥንዶች፣ ከማይ ሾቫልና ከፔር ቫሉ ነው። እነሱ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ድረስ 10 የወንጀል ልብ ወለዶች አውጥተዋል። ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ምዕራፍ እየተፈራረቁ ነበር የሚጽፉት። እኛ ደግሞ አንድ ነገር ተግባባን። የትኛው ምዕራፍ የማን እንደሆነ ለማንም አንናገርም። ሲወደስም ሲተችም "እኛ" ነው።

ይህ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ወመዘክር አዳራሽ ውይይት ተደረገልን። አንድ ሃያሲ ተነሡና "ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ እናትየዋ ሌላ ሰው ሆነችብኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። እሱን ምዕራፍ ስንጽፍ ተኳርፈን ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም ነበር። ኩርፊያችን ወረቀት ላይ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀጥለው የቤይሩቷ እህት ስልኩን ዘግታ፣ ጮኻ የምታለቅስበትን ገጽ አነበቡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃል ስለገባሁ ነው እንጂ ተነሥቼ "የኔ ነው" ብል ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣ። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት የሠራች እህት ናት።

"መጽሐፋችሁን ወድጄዋለሁ። ግን የኔ እህት፣ እዚያ ቤት ጮኾ የሚያለቅስ የለም። ማዳም ትሰማለቻ! እኛ ሻወር ቤት ገብተን፣ ቧንቧ ከፍተን ነው የምናለቅሰው። ውሃ አባከንሽ እንዳንባል ደግሞ ቶሎ እንጨርሳለን።"

ደጋግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ "ልብ ወለድ እኮ ነው" ልላት ፈልጌ ነበር። እንኳን አላልኩ። ከመጻፋችን በፊት ከተመላሾች ጋር ቁጭ ብለን ብዙ ጠይቀናል። ስለ ደመወዝ ጠይቀናል። አሠሪ ስለሚይዘው ፓስፖርት፣ ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ጠይቀናል። የት እንደሚያለቅሱ ግን አልጠየቅንም።

መልእክቱን ለጓደኛዬ ላክሁላት። ረቂቁን ስታነብ "ጩኸቱ አልበዛም?" ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። "አላልኩሽም?" ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ደወለችና "ተሳስተናል። እናስተካክለው" አለችኝ። ተሳስተሻል አላለችም።

መጽሐፉን ያሳተምነው እንደ ብዙው ደራሲ በራሳችን ገንዘብ ነው። ወረቀት ተወዷል፤ ሁለተኛው እትም መቼ እንደሚደርስልን እንጃ። ያ ገጽ ግን ከወዲሁ ተለውጧል። አሁን ውሃው ይፈሳል፣ ማዳም በሩን ታንኳኳለች፣ ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ "መጣሁ" ትላለች።

ትናንት ማታ ለዚያች እህት ላክንላት። እስካሁን አልከፈተችውም።